ሰርፋክታንት ጨምረው ብናኙ ከዘቀጠ

ደቃቅ የማዕድን ብናኝ ውሃ ውስጥ ተበትኖ እንዲቆይ ሰርፋክታንት (እንደ ሳሙና ያለ፣ ጭንቅላቱ ውሃ የሚወድ ጅራቱ የማይወድ ንጥረ ነገር) ጨመሩ። ብናኙ ግን ጓጉሎ ታች ተኛ፤ ላይ ያለው ውሃ ጥርት አለ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ «ሰርፋክታንቱ አንሶት ነው» ብሎ ሌላ ይጨምራል። ከመጨመርዎ በፊት እባክዎ ፒኤቹን (የውሃውን የአሲድነት ልክ) ይለኩ፤ የብናኙ ገጽ ቻርጅ በእሱ ይወሰናልና።

ሲሊካን (የአሸዋን ዋና ማዕድን) እንውሰድ። ከፒኤች 3 በላይ ገጹ ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው። ብናኞቹ ሳይጣበቁ የሚቆዩት እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ነው። እንደ ሲቲኤቢ ያለ ፖዘቲቭ ሰርፋክታንት ሲገባ ጭንቅላቱ ገጹ ላይ ይለጠፋል፤ ውሃ የማይወደው ጅራቱ ወደ ውጭ ይቀራል። ግፊያው ይጠፋል፣ ጅራቶቹም ተፈላልገው ብናኙን ያጣብቁታል።

መጠኑ ሲጨምር ሁለተኛ ንብርብር ይመጣል። ጅራት ከጅራት ይገጥማል፣ ጭንቅላቶቹ ወደ ውሃው ይዞራሉ፣ ገጹ ፖዘቲቭ ይሆናል፤ ብናኙም እንደገና ይበተናል። በተርታ በተደረደሩ ቱቦዎች መጠኑን ከፍ እያደረጉ ይሞክሩት። ዳርና ዳሩ ድፍርስ ሆኖ መሃሉ ይጠራል። ችግሩ ያለው እዚያ መሃል ላይ ነው። ስለዚህ ሰርፋክታንቱን በጠብታ ብናኙ ላይ አይጨምሩ፤ ብናኙን በቂ ሰርፋክታንት ወዳለበት ውሃ ይጨምሩ። በኋላ በንጹህ ውሃ ካጠቡት ግን ሁለተኛው ንብርብር ይለቅና ተመልሶ ይዘቅጣል። ቻርጅ የሌለው ሰርፋክታንት መምረጥ ብዙ ጊዜ ይህን ጣጣ ያስቀራል።

አሉሚና (አሉሚኒየም ኦክሳይድ) ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ከፒኤች 9 በታች ፖዘቲቭ ስለሆነ እዚያ የሚያጓጉለው እንደ ኤስዲኤስ ያለ ኔጌቲቭ ሰርፋክታንት ነው።

በተጣራ ውሃ ተበትኖ በቧንቧ ውሃ ከዘቀጠ ካልሲየምና ማግኒዢየምን ይጠርጥሩ። ግፊያውን ያዳክማሉ፤ ኔጌቲቭ ሰርፋክታንትንም ይዘው ሊወርዱ ይችላሉ። ውሃውን ይቀይሩ ወይም ኢዲቲኤ (ካልሲየምና ማግኒዢየምን አስሮ የሚይዝ ኬሚካል) ይጨምሩ።

ጉጉሉ ልል ሆኖ ውሃ ሲጨመርበት የሚፈታ ከሆነስ? ሰርፋክታንቱ በዝቶ ሊሆን ይችላል። ኤስዲኤስ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ8 ሚሊሞላር ገደማ ጀምሮ ማይሴል (ጅራታቸውን ወደ ውስጥ አድርገው የተሰበሰቡ የሰርፋክታንት ሞለኪውሎች) ይሠራል። ማይሴሎቹ ሲበዙ በተቀራረቡ ብናኞች መሃል መግባት ያቅታቸዋል፤ ከውጭ ያሉት ብናኞቹን ወደ እርስ በርሳቸው ይገፏቸዋል። መጠኑን ይቀንሱ።

ታች የተኛው ነጭ ነገር የሚያብረቀርቅ መርፌ ከመሰለ ደግሞ ማዕድኑ ላይሆን ይችላል። ሲቲኤቢ ከ25 ዲግሪ በታች ክሪስታል ይሠራል። ሞቅ ያድርጉት፣ ይሟሟል።