ነጥቡ ቦታውን ሲስት፦ ችግርና መፍትሄ

ለካርታ ወዳጅ ዘንድሮ ጥሩ ዘመን ነው። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የድሮ የኢትዮጵያ ካርታዎችን ስካን አድርጎ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧል። ሰዎች ተባብረው የሚሠሩት ነፃ የዓለም ካርታ፣ ኦፕንስትሪትማፕ፣ አለ። ካርታ መሥሪያው ፕሮግራም ኪውጂአይኤስም በነፃ ይገኛል። ጣጣው የሚመጣው አንዱን በሌላው ላይ ስትደርቡ ነው፤ ነጥቦች ከቦታቸው ይሸሻሉ።

ነጥባችሁ ቦታውን ከሳተ ምንም ሳትነኩ በፊት ለኩ። በስንት ሜትር ሳተ? ወደየትስ?

አዲስ አበባ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ገባች፦ ላቲቲዩድና ሎንጊቲዩድ ተገላብጧል። 9.03 እና 38.74 ቦታ ሲቀያየሩ ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ባሕር ላይ ያርፋሉ። ዓምዶቹን መልሱ፣ አለቀ።

ነጥቦቹ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ ላይ ተከምረዋል፦ የሠንጠረዡ ባዶ ሴሎች 0፣ 0 ተብለው ተነበዋል።

የአማርኛ ስሞች የጥያቄ ምልክት ሆኑ፦ ፋይሉን የአማርኛ ፊደላትን በሚይዘው የጽሑፍ ኮድ፣ በዩቲኤፍ 8፣ አስቀምጡት። ከሼፕፋይል ይልቅ ጂኦፓኬጅ (ሁለቱም የካርታ ዳታ ፋይል ዓይነቶች ናቸው) ብትጠቀሙ ደግሞ ትገላገላላችሁ።

ሐረር ወለጋ ላይ ወደቀች፦ የዩቲኤም ዞን ስህተት ነው። ዩቲኤም ምድርን በየ6 ዲግሪ ሎንጊቲዩድ በዞን ከፍሎ ቦታን በሜትር የሚለካ ዘዴ ነው። ድሬዳዋ ዞን 37 ውስጥ ናት፤ ሐረር ግን 42 ዲግሪን አልፋ ዞን 38 ትገባለች። በዞን 38 የተለካውን በ37 ካነበባችሁት 660 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ይሸሻል።

አሁን ወደ ዋናው። ነጥቡ ወደ ደቡብ 200 ሜትር፣ ወደ ምዕራብ 90 ሜትር ገደማ ከሸሸ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። አዲንዳን ነው። ስንቴ እንዳየሁት መቁጠር አቁሜያለሁ።

የድሮዎቹ 1፡50,000 ካርታዎቻችን የተሠሩት በአዲንዳን ዳተም፣ ማለትም ቦታ በሚለካበት መነሻ፣ ነው። ስሙ በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ከነበረ የቅየሳ ነጥብ የመጣ ነው። አዲንዳን ምድርን የሚለካው ክላርክ 1880 በሚባል ቅርፅ ነው። ስልካችሁ ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 የሚባለውን የጂፒኤስ ዳተም ይጠቀማል። የሁለቱ መጠንም መካከለኛ ነጥብም ይለያያል። ስለዚህ ያው ቁጥር ሁለት ቦታ ያሳያል።

አንድ ጊዜ የውኃ ጉድጓዶች ዝርዝር መጣልኝ። አንዱን ጉድጓድ ሁለት ሰዎች በሁለት ጂፒኤስ ለክተውታል። የአንዱ መሣሪያ አዲንዳን ላይ፣ የሌላው ደብሊውጂኤስ ላይ ነበር። ሪፖርቱ ላይ ሁለት ጉድጓድ ተባለ። ለሁለቱም የጥገና በጀት ተጠይቋል! ሌላው ይባስ። አንድ ልጅ ነጥቦቹ ወንዝ ውስጥ ሲገቡበት ሁሉንም መርጦ በማውዝ ጎተታቸው። ከመካከላቸው ግማሾቹ ቀድሞውንም ትክክል ነበሩ። የትኞቹ እንደሆኑ ለመለየት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እባካችሁ በእጅ አትጎትቱ።

መፍትሄው ሁለት እርምጃ ነው። መጀመሪያ ለሌየሩ (ለዳታው ንብርብር) ትክክለኛ ማንነቱን ንገሩት፦ ኢፒኤስጂ (የመለኪያ ሥርዓቶች መለያ ቁጥር) 20137፣ ማለትም አዲንዳን ዞን 37። ከዚያ ቁጥሮቹን ራሳቸውን በሚቀይረው ትዕዛዝ፣ በሪፕሮጀክት፣ ወደ 32637 (ደብሊውጂኤስ 84 ዞን 37) ቀይራችሁ አዲስ ፋይል አውጡ። ፕሮግራሙ የቅየራ ምርጫዎች ከደረደረላችሁ ኢትዮጵያ የሚለውን ውሰዱ። የመጀመሪያውን ዝም ብላችሁ አትጫኑ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የሌየሩን ሲአርኤስ (የመለኪያ ሥርዓት) 32637 ብለው ይሰይሙና የቀየሩት ይመስላቸዋል። ስም መለጠፍ ቁጥሩን አይነካውም። ነጥቡ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በዚያው ርቀት ከሸሸ ደግሞ ትክክለኛውን ፋይል አዲንዳን ብላችሁታል፣ ወይም ሁለቴ ቀይራችሁታል።

ሼፕፋይል የብዙ ፋይሎች ስብስብ ነውና ስትልኩም ሙሉውን ላኩ። በቴሌግራም አንዷን ኤስኤችፒ ብቻ ልኮ «አልከፈተልኝም» የሚል ሰው ትዕግስቴን ይጨርሰዋል። ዳተሙ የተጻፈው ፒአርጄ በሚባለው ፋይል ውስጥ ነው። እሱ ከሌለ ግምት ነው።

ስህተቱ ከ10 ሜትር በታች ከሆነስ? የስልካችሁ ጂፒኤስ ራሱ ያን ያህል ሊስት ይችላል፤ የሳተላይት ምስሉም እንዲሁ። እሱን ተዉት።