ቂሙ ወደ መርማሪው ቤት ሲዞር፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

አባቴ ድሬዳዋ ውስጥ ለረጅም ዓመታት የወንጀል መርማሪ ፖሊስ ነበር። አንድ የጦር መሣሪያ ዝውውር መዝገብ በያዘበት ዓመት፣ የተጠርጣሪዎቹ ሰዎች እርሱን ትተው ወደ እኛ ዞሩ። የሰባት ዓመት ታናሽ ወንድሜ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በባጃጅ ተገጭቶ ጭኑ ተሰበረ። ድንገተኛ አደጋ አልነበረም። ይህን የምጽፈው ዛሬ በዚያው ጭንቀት ውስጥ ላሉ የመርማሪ ሚስቶች፣ ባሎችና ልጆች፣ ለመርማሪዎቹም ጭምር ነው።

ቤተሰቡ እንዳይደነግጥ ብሎ መደበቅ

ሌሎቹ ስህተቶች ሁሉ የተወለዱት ከዚህ ነው። የድሬ የግንቦትና የሰኔ ሙቀት ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አያስተኛም። ሳቢያን ሰፈር እያለን እኛም እንደ ጎረቤቶቻችን አልጋችንን ግቢ አውጥተን ነበር የምንተኛው። አንድ ማታ አባቴ ከሥራ ገብቶ፣ ምንም ሳይናገር አልጋዎቹን አንድ በአንድ ወደ ውስጥ አስገባ፤ መስኮቶቹንም ዘጋ። እናቴ «ምን ነካህ? ልጆቹ በሙቀት ሊያልቁ ነው» ስትለው፣ «ትንኝ በዝቷል» አላት። ላብ አጥምቆን፣ ዓይናችን ሳይከደን ነጋ። በማግስቱ እርሱ ሥራ ሲሄድ እናቴ አልጋዎቹን መልሳ አወጣች፤ የግቢውንም በር እንደ ወትሮው ገርበብ አድርጋ ተወችው። ምን ታድርግ? የተነገራት የትንኝ ነገር ብቻ ነው።

በዚያው ሳምንት አንድ ወጣት በር አንኳኩቶ «የአባትሽ ወዳጅ ነኝ» አለኝና ወንድሜ የት እንደሚማር፣ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ ጠየቀኝ። ከዚራ እንደሚማር፣ ስድስት ሰዓት ላይ እንደሚወጣ ነገርኩት። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዛቻ መኖሩን ባውቅ አፌን እይዝ ነበር።

መርማሪ የመዝገቡን ምሥጢር ለቤተሰቡ አይንገር፤ የተጠርጣሪ ስምና የምስክር ማንነት ቤት መግባት የለበትም። «ዝተውብኛል፤ የማታውቁት ሰው ስለ እኛ ቢጠይቃችሁ አትመልሱ፤ መልኩን ያዙና ቶሎ ንገሩኝ» ማለት ግን ምሥጢር ማውጣት አይደለም። ለሕፃንም በልኩ ይነገራል።

ማስረጃን በገዛ እጅ ማጥፋት

ወንድሜ ሐኪም ቤት በተኛ በሦስተኛው ቀን እናቴ ደጃፋችን ላይ የጥይት ቀለህ አገኘች። በነጠላዋ ጫፍ ይዛ አነሳችው፣ ጠረገችው፣ ደረጃውን በውኃ አጠበች፤ ቀለሁንም ረከቦቱ ሥር ደበቀችው። ለአባቴ የነገረችው ማታ ነው። በዚያ ሰዓት የጣት አሻራም ሆነ የእግር ዱካ ጠፍቶ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ስታገኙ አትንኩት። ሳፋ ድፉበት፣ ሰው አታስረግጡ፣ ወዲያው ፖሊስ ጥሩ። የስልክ መልእክትም አይጥፋ፤ ሲም ካርዱም በንዴት አይሰበር። የተደወለበትን ሰዓትና የተባለውን ቃል ሳይረሳ ደብተር ላይ ማስፈር ያስፈልጋል።

ዛቻን እንደ ወሬ መቁጠር

«ውሻ ይጮኻል፤ ግመሉም ይሄዳል» ይል ነበር አባቴ። ዛቻ ግን ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 580 ላይ ተደንግጓል። የሚያስከስሰው ግን በግል አቤቱታ ነው። የግል አቤቱታ ደግሞ የሦስት ወር ጊዜ ገደብ አለው፤ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቁበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። ዝም ያለ ሰው ጊዜው ያልፍበታል።

ሌላም ጥቅም አለው። ተጠርጣሪው ዋስትና ሲጠይቅ ፍርድ ቤት ከሚያያቸው ነገሮች መካከል ቢለቀቅ ሌላ ወንጀል ይሠራል ወይ፣ ምስክር ያባብላል ወይ የሚሉት ይገኙበታል፤ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 67 ላይ ተጽፈዋል። ያልተመዘገበ ዛቻ ይዞ ዐቃቤ ሕግ ምን ብሎ ይቃወማል? ዋስትና ከተሰጠ በኋላ እንኳ አዲስ ነገር ሲገኝ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን እንደገና ሊያየው ይችላል። ከቤተሰቡ አንዱ በከባድ ወንጀል ምስክር የሚሆን ከሆነ ደግሞ የምስክሮችና የወንጀል ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ፤ ጥበቃው ለምስክሩ ቤተሰብም ይዘረጋል። ጥበቃ ግን መጠየቅ አለበት።

«ከእንግዲህ ጉዳዩ የእኔ ነው» ማለት

ወንድሜ በተገጨበት ሌሊት አባቴ ሽጉጡን ታጥቆ ወጣ። የሄደው ተጠርጣሪዎቹ ወደታሰሩበት ነበር። በር ላይ ያገኘው አንድ የሥራ ባልደረባው፣ በዕድሜ የሚያንሰው ሳጅን፣ እጁን ይዞ «ጋሼ፣ ዛሬ ከነኳቸው ነገ በነፃ ይወጣሉ» አለው። ይህን ቃል አባቴ ራሱ ነው የነገረኝ፣ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ እንባ እየተናነቀው።

ሳጅኑ ልክ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 5 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ይደነግጋል። አንድ ጥፊ የወራት ልፋትን ገደል ይከታል። ሳይመታ ቢመረምርም መዘዝ አለው፤ የልጁን ጥቃት አባት ራሱ ከመረመረ፣ ጠበቃው ተነስቶ «ይህ መዝገብ የቂም መዝገብ ነው» ይላል፤ የሚመልስለትም የለም። አባት በዚያ መዝገብ ቃሉን የሚሰጥ የተበዳይ ወላጅ ነው። ብዕሩን ሌላ መርማሪ ይያዝ። አባቴ ይህን ለመቀበል ሁለት ሳምንት ፈጀበት፤ እነዚያ ሁለት ሳምንታት በምርመራው ላይ ያደረሱት ጉዳት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

መዝገቡን በሽምግልና መሸጥ

ሽማግሌዎች መጋላ አያቴ ቤት ድረስ መጥተው «ልጅሽ ትንሽ ያላላ፤ እኛም እናበርዳለን» አሏት። ሽምግልናን አከብራለሁ፤ በእኛ አካባቢ ስንት ደም አድርቋል። ዋጋው መዝገቡን ማላላት ከሆነ ግን እርቅ አይባልም፤ የመጡትን ሰዎች ማንነትና የተናገሩትን ማሳወቅ ይገባል። በአንጻሩ የአንድ ሰው ጥፋት ጎሳውን ሁሉ አያስጠላ። ወንድሜን ከመንገድ አንስቶ ሐኪም ቤት ያደረሰው የተጠርጣሪው የአጎት ልጅ ነው።

አንድ መንገድ፣ አንድ ሰዓት

እሑድ እሑድ የደቻቱን ወንዝ ተሻግረን ቀፊራ ገበያ የምንሄደው በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ባጃጅ ነበር። ሰዓቱም መንገዱም ይቀያየር። ትምህርት ቤቱ ልጁን ለማን እንደሚያስረክብ በስም ይወቅ።

መርማሪውን መወንጀል

እናቴ «ሥራህ ልጄን ሰበረብኝ» አለችው። ከዚያ በኋላ ለወራት አብረው አልበሉም። አልፈርድባትም፤ ነገር ግን የወንድሜን ጭን የሰበሩት ሌሎች ናቸው፤ እነርሱ የፈለጉትም ይህንኑ ነበር።

መዝገቡ ለሌላ መርማሪ በተላለፈበት ዕለት አባቴ ግቢ ውስጥ ሰብስቦን የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ነገረን። እናቴ ሳታቋርጠው ሰማችው፤ ከዚያ ተነስታ እራት አቀረበችለት። ማታ አልጋዎቹ ተመልሰው ወጡ። አባቴ የራሱን በሩ አጠገብ ዘረጋ።