ንቅሳቱ ወይም ለጌጥ የተበሳው ቦታ አበጠ፣ ፈሳሽ አወጣ... አሁንስ?

ከመደንገጣችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ነገም በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ብርሃን ድገሙት። ዋናው ጥያቄ «ቀልቷል ወይ?» አይደለም፤ ከትናንት ዛሬ ተሽሎታል ወይስ ብሶበታል ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ቅላቱ ብዙም ስለማይታይ፣ በታጠበ እጅ ጀርባ ሙቀቱን ዳሰስ አድርጉ።

ይሞቃል፣ አበጥ ብሏል፣ ውሃ መሰል ፈሳሽ አለው (የመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት)
ምክንያቱ፦ መርፌ ቆዳውን በስቶታል፣ ሌላ ምን ይጠበቃል? በተበሳው ቦታ ያለው ጌጥ ላይ የሚደርቀው ነጣ ያለ ነገርም መግል አይደለም።
መፍትሄው፦ መጀመሪያ እጃችሁን ታጠቡ። ንቅሳቱን በቀን 2 ጊዜ ለብ ባለ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና በመዳፋችሁ እጠቡ፣ በሶፍት ጫን ጫን አድርጋችሁ አድርቁ፣ ከዚያ ስስ ቅባት። ስስ ስል ስስ ነው፤ በቅባት የታፈነ ቁስል ይረጥባል እንጂ አይድንም። ለተበሳው ከፋርማሲ የሚገዛ 0.9 በመቶ የጨው ውሃ ይበቃል። ጌጡን አታሽከርክሩት፣ ቅርፊቱን አትላጡት።

ሳምንት አለፈው፣ ግን ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ያቃጥላል
አልኮል ወይም ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ እየቀባችሁ ነው አይደል? ጀርሙን ብቻ ሳይሆን አዲስ የሚበቅለውን ቆዳም ይጎዳል። ተዉት።

መግል የለም፣ ግን ማሳከኩ አልቆመም
ጌጡ ዙሪያ ሽፍታ ካለ ኒኬል የሚባለው ብረት ተጠርጣሪ ነው። «ሰርጂካል ስቲል» የሚባለውም ውስጥ ኒኬል አለ፣ ስለዚህ በቲታኒየም አስቀይሩት። ንቅሳቱ ላይ ቀዩ ቀለም ያለበት ቦታ ብቻ ካበጠ ደግሞ የቀለሙ አለርጂ ሊሆን ይችላል። ቢያጥቡት ቢያጥቡት አይለቅም፤ የቆዳ ሐኪም ይየው።

ወፍራም ቢጫ ወይም አረንጓዴ መግል፣ ሽታ፣ ከቀን ወደ ቀን የሚጨምር ህመም
ይሄ ኢንፌክሽን ነው፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። ቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ አትጀምሩ። ደግሞ ጌጡን አታውልቁ! እኔ አፍንጫዬ መግል ሲይዝ ደንግጬ አወለቅኩት፤ በማግስቱ ቀዳዳው ተደፈነ፣ መግሉ ውስጥ ቀረ፣ መጨረሻ ላይ ሐኪም ቀዶ አወጣልኝ። ጌጡ ለመግሉ መውጫ በር ከፍቶለት ነበር ማለት ነው። ይውለቅ ካለም ሐኪሙ ይበል።

የላይኛው ጠንካራው የጆሮ ክፍል ከሆነ ግን አንድ ቀንም አትጠብቁ። እዚያ ደም በደንብ አይደርስም፤ ሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያም ያንን ቦታ ይወዳል፣ ለቆዳ ቁስል የሚታዘዙት የተለመዱት አንቲባዮቲኮች ብዙዎቹ አይነኩትም። ከዘገየ ጆሮው ቅርጹን አጥቶ ይጨማደዳል። ድኖ እስኪያልቅ ከ6 እስከ 12 ወር ይፈጃል (ለስላሳው የታችኛው ጆሮ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይበቃዋል)፣ ስለዚህ በ2ኛው ወር «ድኗል» ብላችሁ ዋና አትግቡ።

ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ከቁስሉ ተነስቶ ቆዳው ላይ የሚሄድ መስመር፣ ወይም ምላስ አብጦ መተንፈስ ሲከብድ
አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል። ማንበቡን ተዉት።

ንቅሳቱ ድኖ ነበር፣ ከሳምንታት በኋላ ትናንሽ እብጠቶች ወጡበት
ይሄኛው ብዙ ሰው ያታልላል። ቀለሙ በቧንቧ ውሃ ሲቀጥን ወይም ከፋብሪካው ተበክሎ ሲመጣ፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ የቲቢ ዘመድ የሆነ ባክቴሪያ ቆዳ ውስጥ ይገባል። በተለመደው መድኃኒት አይድንም፣ ሕክምናው ወራት ሊወስድ ይችላል። ሐኪሙ ጋ ስትሄዱ የተነቀሳችሁበትን ቀን ሳትጠየቁ ንገሩት፤ አለበለዚያ ብጉር መስሎት ቅባት ሰጥቶ ይሸኛችኋል።