የተዘጋ መልቲፕሌክስ ሲኒማ ቤት ታሪክ እንዴት ይጻፋል?

በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች ዳርቻ፣ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ይዘው የተሠሩና ለዓመታት ሰው ሲጎርፍባቸው ኖረው የተዘጉ ባለ ብዙ አዳራሽ ሲኒማ ቤቶች ብዙ ናቸው። ስለ አንዱ ታሪክ ለመጻፍ የተነሣ ሰው ከየአቅጣጫው የሚሰማው ምክንያት «ሰው ፊልም በቤቱ ማየት ስለ ጀመረ ነው» የሚል ነው። ይህ በከፊል እውነት ቢሆንም አንድን ቤት ለይቶ ለማስረዳት አይበቃም፤ ያ ቤት በተዘጋበት ወቅት ብዙውን ጊዜ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ሌላ መልቲፕሌክስ ተከፍቶ ይገኛልና። ስለዚህ የጸሐፊው ዋና ሥራ ያንን ቤት ለብቻው የጣለውን ነገር ፈልጎ ማግኘት ነው። አሠራሩን ለማሳየት በእንግሊዝ አገር በሚልተን ኪንስ ከተማ የተከፈተውን የብሪታንያ የመጀመሪያ መልቲፕሌክስ፣ «ዘ ፖይንት»ን፣ እንደ ምሳሌ እወስዳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ቤቱ ከመከፈቱ በፊት የነበረውን የአገሪቱን የሲኒማ ገበያ ይመልከቱ። በብሪታንያ በ1946 ከ1.6 ቢሊዮን በላይ ትኬት ተሸጦ ነበር፤ በ1984 ግን ቁጥሩ ወደ 54 ሚሊዮን ገደማ ወርዷል። ዘ ፖይንት ባለ 10 አዳራሽ ሆኖ የተከፈተው ከዚያ በኋላ በቀጣዩ ዓመት፣ በኅዳር 1985 ነው። ገበያው ወለሉን በነካበት ሰዓት ይህን ያህል ቤት ለማቆም የደፈረው ማን እንደ ሆነና ምን ተማምኖ እንደ ሆነ መጠየቅ ግድ ነው። መልሱ ወደ አሜሪካ ይወስደናል፤ ቤቱን የከፈተው ኤኤምሲ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1963 በካንሳስ ሲቲ፣ በአንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ፣ ሁለት አዳራሽ ያለው ሲኒማ ቤት ከፍቶ ነበር። ሐሳቡ በቁጠባ ላይ የቆመ ነው፤ አንድ የትኬት መስኮት፣ አንድ የመክሰስ መሸጫና ጥቂት ሠራተኞች ለብዙ አዳራሾች ያገለግላሉ፤ ተመልካች የቀነሰበት ፊልም ወደ ትንሹ አዳራሽ ይዛወርና ትልቁ ለአዲሱ ይለቀቃል።

ቀጥሎ መሬቱንና ሕንፃውን ያጥኑ። ሚልተን ኪንስ በ1967 በመንግሥት ውሳኔ የተቆረቆረች፣ መንገዶቿ ለመኪና ታስበው የተዘረጉ አዲስ ከተማ በመሆኗ፣ ቤቱ በመሐል ከተማ ይቁም እንጂ ሰው የሚደርስበት መንገድ የዳርቻ መልቲፕሌክስ ዓይነት ነበር። ሰዎች ስለ ዘ ፖይንት ሲናገሩ የሚያስታውሱት በቀይ ብረት የተዋቀረውንና በኒዮን መብራት የሚያበራውን ፒራሚድ ነው፤ ፊልሙ የሚታየው ግን ከፒራሚዱ ጀርባ ባለው ጌጥ የለሽ ሣጥን መሰል ሕንፃ ውስጥ ነበር። እርስዎም በሚያጠኑት ቤት ላይ ሁለቱን ለዩ፤ የሰው ትዝታ ፊት ለፊቱን ሲይዝ፣ ገቢና ወጪው ያለው ከኋላ ነው። ለዚህ የሚረዳው በከተማው አስተዳደር የሚገኘው የግንባታ ፈቃድ መዝገብ ነው፤ የአዳራሹን ስፋት፣ የመኪና ማቆሚያውን ልክና ፈቃድ ጠያቂውን ከዚያ ማግኘት ይቻላል።

ሦስተኛውና ብዙ ጸሐፊዎች ቸኩለው የሚያልፉት ሥራ የአንቀሳቃሾቹን ተራ መዘርዘር ነው። የመሬቱ ባለቤት፣ ሕንፃውን የተከራየው ኩባንያና በር ላይ የተጻፈው ስም ሦስት የተለያዩ አካላት ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ለእያንዳንዱ የራሱን ዓምድ ያዘጋጁ። በዘ ፖይንት ኤኤምሲ ከፈተ፤ ዩሲአይ ተከተለ፤ በ2003 ኢዚሲኒማ ገባ፤ በ2006 ኦዲዮን ተረከበ። ስም በተለወጠበት ቦታ ሁሉ ቆም ብሎ ምክንያቱን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የኪራይ ውል ማለቂያ ብዙውን ጊዜ እዚያ አጠገብ ይገኛል።

ከእነዚህ ሁሉ የኢዚሲኒማ ሙከራ ሰፊ ቦታ ሊሰጠው ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ የመልቲፕሌክስ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ከእርሱ በተሻለ የሚያሳይ የለምና። የኢዚሲኒማ ባለቤት፣ ኢዚጄት የተባለው የርካሽ አውሮፕላን ጉዞ ኩባንያ መሥራች የሆነው ስቴሊዮስ ሐጂዮአኑ፣ በኢንተርኔት አስቀድሞ ለሚገዛ ሰው ትኬቱን ከ20 ፔንስ ጀምሮ አቀረበ፤ በመጀመሪያም ፈንዲሻና መጠጥ መሸጡን ተወ። ነገር ግን ፊልም አከፋፋዮች የሚከፈላቸው ከትኬቱ ገቢ ላይ በመቶኛ ነው፤ ፊልሙ አዲስ በሆነባቸው ሳምንታትም ድርሻቸው ከፍ ይላል። በሳንቲም በሚሸጥ ትኬት ላይ መቶኛው ምንም ስለማይሆን ትልልቆቹ አከፋፋዮች አዲስ ፊልም ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆኑም። ሲኒማ ቤቱ ለራሱ የሚያስቀረው ትርፍ ደግሞ በአብዛኛው ከፈንዲሻና ከለስላሳ መጠጥ የሚገኝ ሆኖ ሳለ እርሱ ያንን በር ዘግቶት ነበር። ስለዚህ በሚያጠኑት ቤት ላይ የትኬት ዋጋን ብቻ መመዝገብ በቂ አይደለም፤ የመክሰስ መሸጫውን ዋጋና ፊልሞቹ ከወጡ ከስንት ሳምንት በኋላ እንደ ደረሱት ከአካባቢው ጋዜጣ ማስታወቂያዎች ላይ አመሳክሩ።

አራተኛ፣ ጎረቤቱን ፈልጉ። በዚያው ከተማ በ2000 ኤክስኬፕ በተባለው የመዝናኛ ማዕከል ውስጥ ባለ 16 አዳራሽ ሲኒማ ተከፈተ፤ በ2015 ደግሞ ኦዲዮን ራሱ ዘ ፖይንትን ትቶ በከተማው ስታዲየም አጠገብ አይማክስ የተባለው እጅግ ትልቅ ሸራ ወዳለው አዲስ ቤት ተዛወረ። በመላው ብሪታንያ በ2002 የተሸጠው ትኬት ወደ 176 ሚሊዮን ደርሶ ስለ ነበር፣ ይህ የ1985ቱ ቤት የተዳከመው ሕዝቡ ሲኒማን በተወበት ዘመን ነው ሊባል አይችልም። ዘ ፖይንትን የጣለው እርሱ ራሱ ያስተማረው አሠራር፣ በአዲስ ወንበርና በትልቅ ሸራ ተሻሽሎ መምጣቱ ነው።

የሚያጠኑት ቤት በአሜሪካ ከሆነ ይኸው ነገር በባሰ መልክ ይገጥምዎታል። በ1995 በዳላስ ባለ 24 አዳራሽ ቤት ከተከፈተ በኋላ ኩባንያዎቹ ወንበሩ በደረጃ የተሠራ ግዙፍ ሲኒማ ለመገንባት ተሽቀዳደሙ፤ የአገሪቱ አዳራሾች ቁጥር በ1990 ከነበረበት 23 ሺህ ገደማ በ2000 ወደ 37 ሺህ ሲያድግ ተመልካቹ በዚያ መጠን አልጨመረም። በ2000 እና በ2001 ካርማይክ፣ ዩናይትድ አርቲስትስ፣ ጄኔራል ሲኒማ፣ ሎውስ ሲኒፕሌክስና ሪጋል የኪሳራ ጥበቃ፣ ማለትም ከአበዳሪዎች የሚከላከል የፍርድ ቤት ከለላ፣ ጠየቁ፤ ሕጉም ከማያዋጡ የኪራይ ውሎች እንዲወጡ አስቻላቸው። ቤቱ በእነዚያ ዓመታት ከተዘጋ የፍርድ ቤት መዝገብ መፈለግ ይገባል፤ በ2013 እና 2014 ከተዘጋ ደግሞ ከሴሉሎይድ (ከፊልም ጥቅል) ወደ ዲጂታል ማሳያ ተዛውሮ እንደ ነበር ይጠይቁ፤ የመዛወሪያውን ወጪ ያልቻሉ ቤቶች በዚያን ጊዜ ተዘግተዋልና።

የቀድሞ ሠራተኞችን የሚያነጋግሩት ይህ ሁሉ ከተሰበሰበ በኋላ ቢሆን ይሻላል። «ጥሩ ጊዜ ነበር ወይ?» ከማለት ይልቅ በሥራ ቀን ማታ ስንት አዳራሽ ባዶ ይውል እንደ ነበር፣ የትኛው ማሽን ሳይጠገን እንደ ቀረ፣ የሠራተኛ ቁጥር መቼ እንደ ተቀነሰ መጠየቅ ይጠቅማል። የመጨረሻውን ክፍል ሲጽፉም የመጨረሻው ፊልም የታየበትን ቀን፣ ውሉ ያበቃበትንና ሕንፃው የፈረሰበትን ወይም ለሌላ ሥራ የዋለበትን ቀን ለየብቻ ያስፍሩ፤ ዘ ፖይንት ፊልም ማሳየት ካቆመ በኋላ ቀይ ፒራሚዱ ለዓመታት ቆሞ ስለ ነበር፣ «ተዘጋ» የሚል አንድ ቃል ሁሉንም አይሸፍንም።