ከአቡጀዲ እስከ ገዢው ግድግዳ፦ ደሴ ላይ ሥዕል ሠርቶ መሸጥ

ሥዕል ሸጦ የሚገኘው ደስታ ከገንዘቡ ይሰፋል። በእጅዎ የሠሩት ነገር በማያውቁት ሰው ሳሎን ዓመታት ሲኖር፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይሄ የት ነው?» ሲባልበት፣ ይህን የሚተካ ክፍያ የለም። ግን ደስታው የሚዘልቀው ሥዕሉ ሲዘልቅ ነው። በሁለተኛው ክረምት የሚሰነጠቅ ሥዕል ገዢውንም ሠዓሊውንም ያሳፍራል። ስለዚህ ከቀለሙ በፊት ጨርቁ ይቀድማል።

ለጀማሪ የተዘጋጀ ሸራ ውድ ነው፤ አቡጀዲ ገዝቶ ራስ መወጠር ይቻላል። ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነውን ይምረጡ፤ ወደ ብርሃን ሲያነሱት ቀዳዳው ጎልቶ የሚታየውን ይተዉት። በሙቅ ውሃ አጥበው፣ አድርቀው ይተኩሱት። ያልታጠበ አቡጀዲ ስታርች ስላለበት ኮላውን በደንብ አይጠጣም፤ በኋላም ይኮማተራል።

ለ50 በ70 ሳንቲ ሜትር ሥዕል 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ በደንብ የደረቀ እንጨት ያስፈልጋል። እርጥብ ባህር ዛፍ ከወር በኋላ ይጣመማል። አናጺው ቴላዮውን (ጨርቁ የሚወጠርበትን የእንጨት ክፈፍ) ሲገጥም ከማዕዘን ማዕዘን በሁለቱም አቅጣጫ ይለኩ፤ ሁለቱም 86 ሳንቲ ሜትር ከሆኑ ቀጥ ብሏል። ጨርቁን 60 በ80 ይቁረጡ። ውጠራው ከየጎኑ መሃል ይጀምራል፦ አንድ ስቴፕል እዚህ፣ ቀጥሎ ፊት ለፊቱ፣ ከዚያ ሁለቱ ቀሪ ጎኖች፣ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ወደ ማዕዘን እየተጓዙ። ከአንድ ጥግ ጀምሮ መወጠር በሌላው ጥግ መጨማደድን ያመጣል። በጣት ሲመቱት እንደ ከበሮ ድምፅ ካሰማ በቂ ነው።

ቀጥሎ አንድ እጅ ቪናቪል (ነጩን የእንጨት ኮላ) በሁለት እጅ ውሃ በጥብጠው ይቀቡትና እስኪደርቅ ይጠብቁ። ከዚያ የነጩ መደብ ተራ ነው፦ አንድ ኩባያ ቪናቪል፣ አንድ ኩባያ የተነፋ የጠመኔ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ ነጭ የውሃ ቀለም፣ ግማሽ ኩባያ ውሃ። ሦስት ጊዜ በስሱ ይቀቡ፤ አንዱን በቁመት፣ ሌላውን በአግድም፣ በየመሃሉ በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት እየፈተጉ። ጠመኔ ሲበዛ ሸራው ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ ኮላ ሲበዛ ደግሞ ገጹ ያንሸራትታል፣ ቀለሙም ሳይይዝ ይላጣል። ይህ መደብ በውሃ ለሚቀጥነው የሥዕል ቀለም፣ ለአክሪሊክ ነው።

የደሴ ብርድ ለአክሪሊክ ጠላት ነው። ከ10 ዲግሪ በታች ቀለሙ እርስ በርሱ ሳይያያዝ ይደርቅና በኋላ ይረግፋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ማታና ማለዳ ባይሥሉ ይሻላል፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ያለው ጊዜ ምቹ ነው። ሥራውን ብርድ ቤት ውስጥ አያሳድሩት። ኮምቦልቻ ቆላ ቀመስ ስለሆነች ችግሩ ተቃራኒ ነው፦ ቀለሙ ገና መደባለቂያው ላይ ይደርቃል፤ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ያንጥፉ።

ምን ይሣል? የጦሳን ተራራ፣ አዝዋ ገደልን፣ የሐይቅን ውሃ፣ የባቲን ገበያ ሰው ወዲያው ያውቃቸዋል፤ የሚያውቀውን የሚገዛ ብዙ ነው። ግን ከፎቶ ብቻ አይሥሉ። በክረምት ጠዋት ጦሳን ቆመው ይዩት፦ ጉሙ ወገቡን ይሸፍንና አናቱ ጠቁሮ ብቻውን ይወጣል፤ የጉሙ ጠርዝ ነጭ ሳይሆን ሰማያዊ ያዘለ ግራጫ ነው። በንጹህ ነጭ የሣለ ሰው ጥጥ የለጠፈ ያስመስለዋል። እንዲህ ማየት መልመድ፣ በእኛ እምነት፣ ሥዕል ለሠሪው የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ ነው፤ ባይሸጥም አይወሰድብዎትም።

ደሴ ውስጥ ሰውም እንስሳም የሌለበት ሥዕል የሚመርጥ ቤት ብዙ ስለሆነ የመልክዓ ምድር ሥራ ይኑርዎት። ለሠርግ ስጦታ የሚሆን የቁም ምስል ደግሞ በጥር ይፈለጋል፤ ትእዛዙን ኅዳር ላይ መቀበል ይጀምሩ፣ ግማሹን ቀብድ ይያዙ።

ዋጋ በስሜት አይቆረጥም። ለምሳሌ ዕቃው 1,200 ብር ቢፈጅ፣ 12 ሰዓት ቢሠሩበትና ሰዓቱን 150 ብር ቢያስቡት 1,800 ይሆናል፤ ለማጓጓዣና ለብሩሽ 300 ሲጨመር 3,300 ብር ነው። ይህን ለ3,500 ካሬ ሳንቲ ሜትር (50 በ70) ሲያካፍሉት ለአንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር 94 ሳንቲም ገደማ ይመጣል፤ የሌላውንም መጠን ዋጋ በዚሁ ያስሉ። ለዘመድ አንድ ዋጋ፣ ፒያሳ ካፌ ውስጥ ለተሰቀለው ሌላ ዋጋ ከሆነ ወሬው ቶሎ ይደርሳል። የካፌውን ድርሻ ሳይሰቅሉ በፊት በጽሑፍ ይስማሙ፣ ከዋጋውም ውስጥ ያካትቱት።

ሥዕሉን መሸጥ የማባዛት መብቱን መሸጥ አይደለም፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይጠብቅዎታል። በትእዛዝ ለሚሠሩት ግን ፖስተር ወይም ካላንደር ላይ ማተም የማን እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፉ።

ገዢ ሥዕሉ ፊት ሲቆም መጀመሪያ የሚናገረውን በደብተር ይያዙ። ከአስተማሪ ምክር ያልተናነሰ ትምህርት ነው። በየዓመቱም አንድ ሥራ ሳይሸጡ ያስቀሩ፤ እድገትዎን የሚያሳይዎ እሱ ነው።

ሲያስረክቡ ከጀርባው ርእሱን፣ ዓመቱንና «አክሪሊክ በሸራ» ብለው ይፈርሙበት። ከወጥ ቤት ጭስና ከቀጥታ ፀሐይ እንዲርቅ ይንገሩ። ክረምቱ ሲወጣ ደውለው ይጠይቁ፤ ሸራው ላልቶ ከሆነ ከጀርባው በጣም በስሱ ውሃ ነፍተው፣ ጥላ ውስጥ ሲያደርቁት ይወጠራል።