ሰጋቱራና ፌስታልን አንድ ላይ ወደ ዘይት መቀየር

ፓይሮሊሲስ ማለት ያለ ኦክስጅን በከፍተኛ ሙቀት ማሞቅ ነው። ኦክስጅን ስለሌለ ነገሩ አይነድም፤ ይፈራርስና ጋዝ፣ ዘይትና ከሰል ይሆናል። ሰጋቱራ ወይም ገለባ ብቻውን ከገባ ግን የሚወጣው ዘይት አሲዳማና ውሃ የበዛበት ነው፤ ከሲሶው በላይ ኦክስጅን ስለሆነ ከአንድ ኪሎው የሚገኘው ሙቀት የናፍጣን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ፌስታልና ጄሪካን የሚሠሩበት ፖሊኢቲሊን ደግሞ ኦክስጅን የሌለው፣ ሃይድሮጅን የሞላበት ነው። አብረው ሲፈራርሱ ፕላስቲኩ ሃይድሮጅን ያቀብላል፤ ዘይቱ ይሻሻላል።

ብዙ ሰው የሚጨነቀው ስለ ምድጃው ነው። ለእኔ ግን ዋናው ሥራ የፕላስቲኩ ለቀማ ነው።

ፒቪሲ (የውሃ ቧንቧ የሚሠራበት ፕላስቲክ) በፍጹም አይግባ! ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ክሎሪን ነው፤ ሲሞቅ የሚለቀው የአሲድ ጋዝ ብረቱን ይበላል፣ ሳንባ ያቃጥላል፣ ዘይቱንም ያበላሻል። ምልክቱ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለው ቁጥር 3 ነው። ቁጥሩ ከጠፋ ቆራርጣችሁ ውሃ ውስጥ ጨምሩትና አየር እንዳይዝ በእጃችሁ አማስሉት። ቁጥር 2 እና 4 (ፖሊኢቲሊን) እንዲሁም 5 (ፖሊፕሮፒሊን) ይንሳፈፋሉ፤ ፒቪሲና የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፔት ይሰምጣሉ። ፔትም ቢቀር ይሻላል፣ ከሱ የሚወጣው አሲድ ቱቦ ውስጥ እየረጋ ይደፍናል። ቁጥር 6 (ፖሊስታይሪን) ጥሩ ዘይት ቢሰጥም አረፋ ያልሆነው እሱም ስለሚሰምጥ ቁጥሩን ሳታዩ አታስገቡት።

ሰጋቱራውን እርጥበቱ ከ10 በመቶ በታች እስኪሆን አድርቁት። ከዚያ ሁለቱንም ፍጩና በክብደት እኩል ለእኩል ቀላቅላችሁ ጀምሩ።

ሙቀቱ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። የእፅዋቱ ሴሉሎስ ከ315 እስከ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲፈራርስ ፖሊኢቲሊኑ ከ400 በላይ ይፈልጋል። ቀስ ብላችሁ ካሞቃችሁ የሰጋቱራው እንፋሎት ፕላስቲኩ ሳይጀምር ወጥቶ ያልቃል፣ ያኔ አብሮ መግባታቸው ትርጉም የለውም። ስለዚህ ቶሎ ወደ 500 አድርሱት።

ይህ በበርሜል የሚሞከር ነገር አይደለም። የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ያለው ሪአክተር (አየር የማያስገባ የማሞቂያ ዕቃ) ያስፈልጋል፤ ከማሞቃችሁ በፊት አየሩን በናይትሮጅን አስወጡ። የሚወጣው ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፣ ሽታ ስለሌለው ሳይታወቅ ይገድላል፤ ሥራው አየር በደንብ በሚዘዋወርበት ቦታ ይሁን፣ ጋዙም ይቃጠል። የመጀመሪያው ማቀዝቀዣ ቱቦ በጣም አይቀዝቅዝ፣ ከፖሊኢቲሊን የሚወጣው ሰም ረግቶ ይዘጋዋል። ሙሉ በሙሉ ሳይበርድም አትክፈቱት፤ ትኩስ ከሰል አየር ሲነካው ይቀጣጠላል።

ፈሳሹ ሲረጋ አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ይከፈላል። ከታች ያለው ውሃማው መርዛማ ስለሆነ አፈር ላይም ሆነ ቦይ ውስጥ አይደፋ። የላዩ ዘይት ሳይጣራ ሞተር ውስጥ አይገባም፤ ለማሞቂያ ምድጃ ግን ይሆናል።