ጉልበት ከማስቀየርዎ በፊት፦ እንደ ቁርጥማትዎ ዓይነት እንዴት መዘጋጀት ይቻላል?

ባሕር ዳር ውስጥ ጉልበቱን የሚያመው ሰው አማካሪ አያጣም። ጎረቤት «ሪህ ነው» ይላል። ወጌሻ «ላሽልህ» ይላል። የባጃጁ ሹፌር ደግሞ አጎቱ አዲስ አበባ ሄዶ «ብረት አስገብቶ» እንደ ልጅ እንደሚሮጥ ያወራል። መሮጡ ቢያጠራጥርም አጎትየው ድኖ ሊሆን ይችላል። ግን የእሱን ጉልበት ያበላሸው በሽታና የእርስዎን ያበላሸው አንድ ላይሆን ይችላል። የተበላሸውን ጉልበት በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ የሚተካው ቀዶ ሕክምና በስም አንድ ነው፤ ዝግጅቱም ውጤቱም እንደ በሽታው ይለያያል።

1. መጀመሪያ ጉልበቱን ያበላሸውን ይለዩ

«ሪህ ነው» ተብለው ብቻ ወደ ቀዶ ሕክምና አይግቡ። በብዛት የሚያጋጥመው ኦስቲዮአርትራይተስ ነው። አጥንቶቹ ጫፍ ላይ ያለው ለስላሳ ሽፋን ከዕድሜ፣ ከክብደትና ከሥራ ብዛት እያለቀ ይሄዳል። ሕመሙ ሲንቀሳቀሱ ይብሳል፣ ሲያርፉ ይቀላል። ጠዋት ጉልበቱ ቢተሳሰርም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይፈታል። እግር እየቆየ እንደ ቀስት ወደ ውጭ ይጎብጣል።

ሩማቶይድ አርትራይተስ ሌላ ነው። የሰውነት መከላከያ ኃይል የራሱን መገጣጠሚያ ያጠቃል። ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ አስሮ ይይዛል፣ የሁለቱም እጅ ጣቶች ያብጣሉ። ሴቶች ላይ ይበዛል፣ ወጣትነትንም አያከብርም። ጉልበቶቹ ብዙ ጊዜ ወደ ውስጥ ይገባሉ።

ሦስተኛው ከአደጋ በኋላ የሚመጣው ነው። ከሞተር ወይም ከብስክሌት ወድቀው ጉልበትዎ አካባቢ አጥንት ተሰብሮ ከነበረ፣ ከዓመታት በኋላም ቢሆን መዘዙ ይመጣል። ሪህ የሚባለው የዩሪክ አሲድ በሽታም አለ፤ ድንገት ሌሊት ይነሳል፣ ብዙ ጊዜ ከእግር አውራ ጣት ይጀምራል።

እኛ አገር አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አይዘለልም። አንዱ ጉልበት ብቻ ለወራት ቀስ እያለ ካበጠ፣ ክብደት ከቀነሱ፣ ማታ ማታ የሚያልብዎ ከሆነ የመገጣጠሚያ ቲቢ አለመሆኑ ይረጋገጥ። ቲቢ ወይም መግል ያለበት ጉልበት ላይ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ማስገባት ትልቅ ጣጣ ነው። መጀመሪያ በሽታው ታክሞ መጥፋት አለበት።

ስለዚህ ሐኪም ጋ ሲሄዱ ቆመው የተነሱትን ራጅ ይያዙ። ተኝተው የተነሱት ራጅ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ምን ያህል እንደጠበበ ሊደብቅ ይችላል። የደም ምርመራ ውጤቶችን አይጣሉ። የድሮ የአደጋ ወረቀትም ካለ፣ ቢጫ ሆኖ ቢበጣጠስም፣ ይውሰዱት።

2. ጊዜው ደርሶ እንደሆነ ይመዝኑ

መድኃኒት፣ ክብደት መቀነስ፣ የጭን ጡንቻን ማጠንከር፣ ምርኩዝ (ከሚያመው እግር በተቃራኒው እጅ የሚያዝ) ተሞክረው ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም ካልቀረ፣ ያኔ የቀዶ ሕክምናው ወሬ ይነሳል። ሩማቶይድ ካለብዎ ደግሞ በሽታው በመድኃኒት ረገብ እስኪል መጠበቅ ይሻላል።

ይሁን እንጂ አጉል ትዕግሥትም አይጠቅምም። ጉልበት ታጥፎ ከደረቀ በኋላ ቢቀየርም እንደልብ አይዘረጋም፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የነበረው መተጣጠፍ በኋላ የሚገኘውን በብዙው ይወስናል። ዳሌም አብሮ ከተበላሸ አብዛኛውን ጊዜ ዳሌው ይቀድማል።

ጉልበትዎ ውስጥ መርፌ ተወግተው ከነበረ ቀኑን ይንገሩ። የስቴሮይድ (እብጠትና ሕመም የሚያስታግስ) መርፌ ከተወሰደ ሦስት ወር ሳይሞላ መቀየር የኢንፌክሽን አደጋ ያመጣል።

3. የሚጠብቁትን ከበሽታዎ ጋር ያስተካክሉ

በ2019 እ.ኤ.አ. ላንሴት ላይ የወጣ ትልቅ ጥናት ሙሉ በሙሉ ከተቀየሩ ጉልበቶች ውስጥ 82 በመቶ ያህሉ 25 ዓመት እንደሚቆዩ አሳይቷል። ይህ ከውጭ አገር መዝገቦች የተሰበሰበ ነው፣ አብዛኞቹም የኦስቲዮአርትራይተስ ሕመምተኞች ናቸው። ብረቱ ቆየ ማለት ግን ሰውየው ረካ ማለት አይደለም። ከአምስት ሰው አንዱ ያህል ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ሕመም አይለቀውም ወይም የጠበቀውን አያገኝም። በተለይ ራጁ ላይ ጉዳቱ ገና ቀላል ሆኖ የተቸኮለ ሰው ቅር ሊሰኝ ይችላል።

ሩማቶይድ ያለበት ሰው ከሕመም የሚያገኘው እፎይታ ከሌላው አያንስም። እንዲያውም ብዙ ዓመት የተሰቃየ ስለሆነ ለውጡ ጎልቶ ይሰማዋል። አካሄዱ ላይ ግን ቁርጭምጭሚቱ፣ ዳሌውና እጁም ስለታመሙ ወደኋላ ሊቀር ይችላል። ኢንፌክሽንም ይበልጥ ያሰጋዋል፤ በሽታውም መድኃኒቱም መከላከያውን ያዳክማሉና።

አደጋ ያበላሸው ጉልበት ለቀዶ ሐኪሙ በጣም አስቸጋሪው ነው። የድሮ ጠባሳ፣ የተቀበረ ብሎንና ፕሌት፣ ጠማማ አጥንት ይጠብቀዋል። ኢንፌክሽን፣ አለመተጣጠፍና እንደገና መቀየር ከኦስቲዮአርትራይተስ ይልቅ እዚህ ይበዛሉ። «በዓመት ስንት ጉልበት ይቀይራሉ? እንደ እኔ ዓይነቱንስ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ጥሩ ሐኪም አይቆጣም።

4. መድኃኒትዎን በራስዎ አያቁሙ፣ አይደብቁ

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሩማቶይድ መድኃኒት የሆነውን ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን የሚወስዱ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ለቀዶ ሕክምና አይቋረጥም። አቋርጠው በሽታው ቢነሳብዎ መልሶ ለመቆም ይቸገራሉ። ባዮሎጂክ የሚባሉት ውድ የሩማቶይድ መርፌዎች ግን አንድ ዙር ይዘለላሉ፤ የሚጀመሩት ቁስሉ በደንብ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ ክኒን ለወራት የወሰደ ሰው ድንገት ካቆመ ሰውነቱ ሊክደው ይችላል። መጠኑ ከፍ ካለ ደግሞ ቁስል አይድንም። መፍትሔው ቀደም ብሎ፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ ቀስ እያሉ መቀነስ ነው። ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የገዙት «የቁርጥማት መርፌ» ካለ ብልቃጡን ይዘው ይሂዱ፤ ዲክሎፌናክ (የሕመም ማስታገሻ) ወይም ዴክሳሜታሶን (ስቴሮይድ) ሊሆን ይችላል። እነዚህ ለጨጓራ፣ ለኩላሊትና ለስኳር ይተርፋሉ። የዩሪክ አሲድ ሪህ ያለበት ሰውም መድኃኒቱን ይቀጥል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሪህ ሲነሳ ጉልበቱ ቀይ ይሆናል፣ ይግላል፣ ኢንፌክሽንም ያስመስላል።

ሩማቶይድ ካለብዎ ማደንዘዣ ለሚሰጠው ባለሙያ ስለ አንገትዎ ይንገሩት። በሽታው የላይኛውን የአንገት አጥንት ያላላል፤ ራጅ ሳይታይ አንገት ማጎንበስ አደገኛ ነው።

5. ሰውነትዎንና ቤትዎን ያሰናዱ

የበሰበሰ ጥርስ፣ የእግር ቁስል፣ የሽንት ኢንፌክሽን ቀድመው ይታከሙ። ስኳር ይስተካከል፣ ሲጋራ ይቁም፣ የደም ማነስ ይመርመር። ጾም ላይ ከሆኑ ለንስሐ አባትዎ ያማክሩ። ቁስል የሚድነው በፕሮቲን ነው። አልጾምም ማለት ካልፈለጉ በምስር፣ በሽሮና በባቄላ ይበርቱ። (ዓሣን በተመለከተ ጣና ዳር ተቀምጬ ክርክር አልከፍትም።)

ቤት ውስጥ ትልቁ ጣጣ ሽንት ቤት ነው። ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ አናጺ ጠርቶ መሐሉ ቀዳዳ ያለው ጠንካራ ወንበር ማሠራት ይቻላል። ዱካና በርጩማም ለጊዜው ይቅሩ፤ ቡናው ከፍ ካለ ወንበር ላይ ይጠጣል። የእጅ ጣቶችዎ ከታመሙ ክራንች መጨበጥ ስለሚከብድ፣ በክንድ የሚደገፉበትን መራመጃ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ፈልገው ይለማመዱበት።

6. ከቀዶ ሕክምናው በኋላ

በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ተነስተው ይራመዳሉ። መጀመሪያ የሚሠራው እግርን ሙሉ በሙሉ መዘርጋት ነው፤ ብዙ ሰው መታጠፉን ብቻ እያሰበ መዘርጋቱን ይረሳል። ከጉልበት ሥር ትራስ አድርጎ መተኛት ይመቻል፣ ግን እግሩን ታጥፎ ያደርቀዋል። ትራስ ካስፈለገ ተረከዝ ሥር ይሁን። ከዚያ 90 ዲግሪ ማጠፍ ይከተላል፤ ወንበር ላይ መቀመጥ የሚቻለው ያኔ ነው።

ቁስሉ ሳይዘጋ ጠበልም ሆነ የጣና ውሃ አይንካው። ጠበሉን መጠጣት ይቻላል፣ መዘፍዘፍ ይቆይ። ወጌሻ ደግሞ ጨርሶ አይቅረብ። አዲስ አበባ ተሠርተው ባሕር ዳር በመኪና ከተመለሱ ሹፌሩን እያስቆሙ ይራመዱ፤ ረጅም መቀመጥ ደም ያረጋል።

ለእግር ጉዞ ባሕር ዳር ታድላለች፣ ሜዳ ናት። ከሳምንታት በኋላ በሐይቁ ዳር ጥላ ይጀምሩ። አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ በ3 ወር ገደማ ደርሶ መልስ መራመድ ጥሩ ግብ ነው። ሩማቶይድ ወይም የድሮ አደጋ ካለብዎ ከዚያ ቢዘገዩ አይደንግጡ። እብጠቱ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ እስከ አንድ ዓመት ሊወስድ ይችላል።

ተንበርክኮ መስገድ ለብዙዎች እንደ ድሮው አይሆንም። ብረቱ አይሰበርም፤ ግን ያማል፣ ከጠባሳው በውጭ በኩል ያለው ቆዳም ይደነዝዛል። ቆሞ መጸለይ፣ ወይም ወንበር ላይ ሆኖ መስገድ ይቻላል።

ቁስሉ መግል ካወጣ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ባትዎ አብጦ ካመመ፣ ወይም ደረት ወግቶ ትንፋሽ ካጠረ ለነገ አይባልም። ከዓመታት በኋላም ቢሆን ደህና የነበረ ጉልበት ድንገት ካበጠና ከጋለ ቶሎ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ሩማቶይድ ያለበት ሰው «የለመደብኝ ነው» ብሎ ሊያሳልፈው ስለሚችል ከሌላው ይበልጥ ይጠንቀቅ።

ከሆስፒታል ሲወጡ የተገባልዎትን መገጣጠሚያ ዓይነትና መጠን የያዘውን ወረቀት ይጠይቁ፣ በስልክዎም ፎቶ ያንሱት። ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ መፈተሻው ሲጮህ ማስረጃ ይሆንዎታል። ከ15 ዓመት በኋላ እንደገና ይቀየር ቢባል ደግሞ አዲሱ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቅዎት እሱን ነው።